ሜዳዩ ለማን ተሰጠ? ከድል ማግሥት የተበላሸው የሽልማት ሒሳብ

ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የእነ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ እየከሸፈ ሲመጣ፣ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት አረንጓዴ ሳሎን ውስጥ ታግተው የነበሩ ሹማምንት ላይ ተኩስ ተከፈተ። ከሟቾቹ መካከል ሁለት ራሶች ነበሩ። አንዱ ራስ አበበ አረጋይ፣ ሌላው ራስ ሥዩም መንገሻ።

ይህን ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ሳናስተውለው የምናልፈው ግን ሁለቱ ሰዎች እዚያ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን የተገኙበትን መንገድ ነው። ከዚያ ቀን 20 ዓመት ቀደም ብሎ በአንድ ሳሎን ሊቀመጡ ቀርቶ በአንድ ሸንተረር ቢገናኙ ኖሮ የሚነጋገሩት በጥይት ነበር። ራስ አበበ ጣሊያን አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ በሸዋ ጫካና ገደል አምስት ዓመት የተዋጉ አርበኛ ናቸው። ራስ ሥዩም በተንቤን ግንባር ጦር መርተው ከተዋጉ በኋላ ለጣሊያን የገቡ መስፍን ናቸው። ነጻነት ሲመለስ ግን ሁለቱም ከቤተ መንግሥት እኩል ክብር አገኙ። ራስ አበበ የጦር ሚኒስትር እስከ መሆን ደረሱ፤ ራስ ሥዩም ወደ ትግራይ ገዥነታቸው ተመለሱ።

ራስ ሥዩምን ዛሬ ለመክሰስ አልተነሳሁም። እንዲያውም ዝቅ ብዬ እንደማሳየው የእሳቸው ጉዳይ ከሚመስለን በላይ ውስብስብ ነው። ጥያቄዬ ስለ ሸላሚው ነው። አንድ አገር አምስት ዓመት ደም ካፈሰሰ በኋላ «ማን ምን ሠራ? ለማን ምን ይገባዋል?» ብሎ ሲጠይቅ፣ መልሱን የሚሰጠው ማን ነው? በምንስ መስፈሪያ?

ሰሞኑን ስለ ሽልማት አሰጣጥ በየቦታው የምንነታረክ ሰዎች ይህን ጥያቄ አዲስ አድርገን እናየዋለን። አዲስ አይደለም። ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ ያልተዘጋ ፋይል ነው።

▪️ ሦስት ስም፣ አንድ ሕዝብ

ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. በባቡር ወደ ጅቡቲ ወጡ። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ሚያዝያ 27፣ የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ገባ። ልክ በአምስተኛው ዓመት፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ መናገሻ ከተማቸው ተመለሱ።

በእነዚህ አምስት ዓመታት ውስጥ ሰው በሦስት ስም ተከፈለ፤ አርበኛ፣ ስደተኛ፣ ባንዳ። ስሞቹ ዛሬም ለስድብና ለሙገሳ ያገለግሉናል። እውነታው ግን እንደ ስሞቹ የተቆራረጠ አልነበረም።

ወይዘሮ ከበደች ሥዩምን ተመልከቱ። የራስ ሥዩም መንገሻ ልጅ ናቸው፤ አባታቸው ለጣሊያን ገብተዋል። የደጃዝማች አበራ ካሣ ባለቤት ናቸው፤ ባላቸውን ጣሊያን በ1929 ዓ.ም. ረሽኗቸዋል። እሳቸው ራሳቸው ጦር እየመሩ ተዋግተዋል፤ በኋላም ተሰደዋል። ታዲያ ወይዘሮ ከበደች በየትኛው መዝገብ ይግቡ? የባንዳ ልጅ? የሰማዕት ሚስት? አርበኛ? ስደተኛ? አራቱንም ናቸው። ለእንዲህ ያለ ሕይወት ሜዳይ የሚቆርጥ ዳኛ በጣም ጠንቃቃ፣ በጣምም ገለልተኛ መሆን ነበረበት።

ከእነዚህ ከሦስቱ ስሞች ውጭ የቀረ ሌላ ብዙ ሰውም ነበር። በከተማ ለጣሊያን የሚሠራ እየመሰለ ጥይት፣ መድኃኒትና ወሬ ወደ ጫካ የሚያሾልክ የውስጥ አርበኛ። በሌሊት ለመጣ ተዋጊ እንጀራ የጋገረች፣ በማግስቱም ለዚህ ቤቷ የተቃጠለባት ገበሬ። እንደ ሸዋረገድ ገድሌ ያሉ ስማቸው የተረፈላቸው ጥቂት ናቸው። ስሙ ያልተረፈው የትየለሌ ነው።

▪️ ሸላሚው ራሱ ባለጉዳይ ሲሆን

ከድል በኋላ ለአርበኞች የአርበኝነት ሜዳይ፣ ለስደተኞች ደግሞ የስደተኛ ሜዳይ ተዘጋጀ። በአርበኝነቱ ሜዳይ ላይ የትግሉ ዓመት በዘንባባ ይቆጠር ነበር። «ባለ አምስት ዘንባባ» የተባለ ሰው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በዱር በገደሉ የቆየ ነው ማለት ነው። በሐሳብ ደረጃ መልካም ሥርዓት ነው። ዓመት ይቆጠራል፤ ዓመት አያዳላም።

ችግሩ ያለው ከቆጣሪው ዘንድ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ስደተኛ ነበሩ። ይህን የምለው ለማንቋሸሽ አይደለም። ሰኔ 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ቆመው ያሰሙት ክስ የኢትዮጵያን ስም በዓለም ፊት ሕያው አድርጎ አቆይቷል። በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ ያሳለፏቸው ዓመታትም የምቾት አልነበሩም። ነገር ግን «የሄደ ይበልጣል ወይስ የቆየ?» የሚለው ክርክር ሲነሳ፣ ከተከራካሪዎቹ አንዱ እሳቸው ነበሩ። ያንኑ ክርክር የሚዳኘውም የእሳቸው ችሎት ነበር።

ውጤቱን ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። በስደት አብረዋቸው የነበሩት ወልደ ጊዮርጊስ ወልደ ዮሐንስ ጽሕፈት ሚኒስትር ሆነው እስከ 1947 ዓ.ም. ድረስ የመንግሥቱ ዋና ሰው ነበሩ። ችሎታ አልነበራቸውም የሚል የለም፤ ነበራቸው። ግን ችሎታቸው የታየው ከንጉሡ አጠገብ ስለነበሩ ነው። አምስት ዓመት ጫካ የነበረ ሰው ችሎታ በማን ይታይ?

በተቃራኒው ብላታ ታከለ ወልደ ሐዋርያትን ተመልከቱ። ንጉሠ ነገሥቱ አገር ጥለው እንዳይወጡ የተቃወሙ፣ በትግሉም ስመ ጥር የነበሩ ሰው ናቸው። ከድል በኋላ ዕጣቸው አንዴ መሾም አንዴ መታሰር ሆነ። በመጨረሻም በ1962 ዓ.ም. ሊይዟቸው ከመጡ የመንግሥት ኃይሎች ጋር ተታኩሰው ሞቱ። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» በሚባልበት አገር፣ ሽልማቱ እንዴት እንደተደለደለ መጠየቅም እንደ ክስ ይቆጠር ነበር።

▪️ ደጅ ጥናት

በዚህ ሒሳብ ውስጥ በቂ ያልተነገረለት ነገር ደጅ ጥናት ነው። ሹመት፣ ርስት፣ ይቅርታ የፈለገ ሰው ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በቤተ መንግሥትና በባለሥልጣን ደጅ ለሳምንት፣ ለወር፣ ለዓመት ይቆማል። ማለዳ ይመጣል፤ እጅ ይነሳል፤ ይታያል ወይም አይታይም። በማግስቱ ይመለሳል።

እስቲ በዚህ ደጅ ላይ ሁለት ሰዎችን እናቁም። አንደኛው ከምንጃር ወይም ከጅባት የመጣ አርበኛ ነው። ማንበብ አይችል ይሆናል። ምስክሮቹ ግማሾቹ ሞተዋል፤ ግማሾቹ አገር ቤት በእርሻ ላይ ናቸው። ስንቁ እያለቀ ነው። ሁለተኛው በጣሊያን ጊዜ በቢሮ የሠራ ሰው ነው። ይጽፋል፤ ሒሳብ ያውቃል፤ መኪና ይነዳ ይሆናል፤ የከተማውን ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ቤቱም እዚያው ከተማ ነው። አዲሱ መንግሥት ደግሞ ጸሐፊ፣ ሒሳብ ያዥ፣ አስተርጓሚ በብርቱ ይፈልጋል። ከሁለቱ ማን ቶሎ ይገባል?

እዚህ ላይ ክፉ ሰው ፍለጋ መሄድ አያስፈልግም። አንድም ጉቦ ሳይበላ፣ አንድም ዘመድ ሳይጠራ፣ ሥርዓቱ በራሱ ለቅርቡ ያደላል። አድልዎ ሲባል ሁልጊዜ በጓዳ የሚደረግ ሹክሹክታ ይመስለናል። ከሁሉ የሚከፋው አድልዎ ግን ማንም ሳያስበው በርቀትና በቅርበት የሚፈጸመው ነው። የሩቁ ሰው መዝገብ ውስጥ የለም፤ መዝገብ ውስጥ የሌለ ደግሞ አልተዋጋም።

▪️ አንድ ጋሻ መሬት፤ ከማን ተቆርጦ?

ሜዳይ ደረት ላይ ይውላል፤ ሆድ አይሞላም። ስለዚህ መንግሥት ከድል በኋላ ባወጣቸው ትእዛዞች ለአርበኞች፣ ለስደተኞች፣ ለወታደሮች፣ እየቆየም ለመንግሥት ሠራተኞች ከመንግሥት መሬት እንዲሰጥ ወሰነ። የተለመደው ልክ አንድ ጋሻ፣ ማለትም 40 ሔክታር ገደማ ነበር።

ለአምስት ዓመት ደም 40 ሔክታር ብዙ አይደለም እንበል። ግን ሁለት ነገር አለ። አንደኛው፣ ወረቀቱን ማግኘትና መሬቱን ማግኘት የተለያዩ ነበሩ። ወረቀት ይዞ ከቢሮ ቢሮ፣ ከጠቅላይ ግዛት ወረዳ መመላለስ አቅም ይጠይቃል። ብዙ ተራ አርበኛ እዚያው መንገድ ላይ ደከመ፤ ጉልበትና ሰው ያለው ግን ለሙን መርጦ ተመራ።

ሁለተኛው ይበልጥ ከባድ ነው። «የመንግሥት መሬት» የተባለው በብዛት የሚገኘው በደቡብና በደቡብ ምዕራብ የአገሪቱ ክፍል ነበር። በብዙ ቦታ ባዶም አልነበረም። ሰው ይኖርበት፣ ያርሰው ነበር። ያ ገበሬ አንድ ቀን ጠዋት መሬቱ ለማያውቀው ሰው ሽልማት መሆኑን ሰማ፤ እሱም ጭሰኛ ሆነ። ምናልባት ይኸው ገበሬ በጣሊያን ጊዜ አርበኛ ያበላ፣ ልጁን ለትግሉ የሰጠ ሊሆን ይችላል። የእሱን የጠየቀ የለም። የአንዱ ውለታ የተከፈለው ከሌላው ማጀት ነው።

ይህ ዕዳ በኋላ ከነወለዱ ተከፈለ። በ1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ ሲወጡ፣ በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ ሲታወጅ፣ ከተነሱት ቅሬታዎች ሥር ይህ የጋሻ መሬት ስጦታ ነበረበት። ሸላሚው ከራሱ ኪስ ያልከፈለውን ሽልማት የሚከፍለው ሌላ ሰው አለ ማለት ነው። ይህን ሰው ብዙ ጊዜ ወደ ሥነ ሥርዓቱ አንጠራውም።

▪️ በላይ

አሁን ወደ በላይ ዘለቀ እንምጣ። (ጀግናን «አንተ» ማለት የሕዝብ ልማድ ስለሆነ አንቱታውን ትቼዋለሁ።) ከወረራው በፊት በአባይ በረሃ በሽፍትነት የኖረው በላይ፣ ጣሊያን ሲገባ በምሥራቅ ጎጃም ከታወቁት የአርበኛ መሪዎች አንዱ ሆነ። ማዕረግ ይሰጥህ ሲባል «ስሜ በላይ ነው፤ ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ» አለ ተብሎ ይተረካል። ለተከታዮቹ ግን ራሱ ማዕረግ ያድል ነበር።

ነጻነት ሲመለስ ደጃዝማች ተብሎ የብቸና አካባቢ ተሰጠው። የጎጃም ጠቅላይ ገዥነት ለሌሎች ሄደ። በላይና ደጋፊዎቹ ይህን ከሥራው በታች አድርገው ቆጠሩት። ከበላዩ ከተሾሙት ጋር አልተስማማም፤ ነገሩ እየከረረ ሄዶ ጦር ተላከበት። ተይዞ ሞት ተፈረደበት፤ ፍርዱ ወደ እስራት ተቀየረለት። ከእስር ለማምለጥ ሲሞክር እንደገና ተያዘ። በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በአደባባይ ተሰቀለ።

አብረው ከተሰቀሉት አንዱ ልጅ ማሞ ኃይሉ ነበሩ። ከራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ቤተሰብ የሚወለዱ፣ በጣሊያን ዘመን ከጣሊያን ጋር የሠሩ ሰው ናቸው። በመጀመሪያ ያነሳሁትን ሳሎን አስታውሱ። እዚያ አርበኛውና ለጣሊያን የገባው በአንድ ክብር ተቀምጠዋል። እዚህ አርበኛውና ከጣሊያን ጋር የሠራው በአንድ መስቀያ ቆመዋል። ለሹመትም ሆነ ለስቅላት፣ መለያው በአምስቱ ዓመት የተሠራው ሥራ አልነበረም። መለያው ከድል በኋላ ለማዕከላዊው መንግሥት መታዘዝ ነበር።

በእኔ አስተያየት የዘመኑ ቁልፍ ይህ ነው። ሜዳዩ ስለ ትናንት ተብሎ ቢሰጥም፣ የሚመዘነው በነገ ታማኝነት ነበር። ራስ አበበ የከበሩት አርበኛ በመሆናቸው ብቻ ሳይሆን በአዲሱ ሥርዓት ውስጥ መግባት ስለቻሉ ነው። በላይ የወደቀው አርበኝነቱ አንሶ ሳይሆን ሥርዓቱ ውስጥ መግባት ስላቃተው ነው።

▪️ ለንጉሠ ነገሥቱ ጥብቅና

እዚህ ጋ ቆም ብዬ ሌላውን ወገን ላሰማ፤ ያለዚያ እኔም አዳላለሁ።

በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ የተረከቡት የተሰነጣጠቀ አገር ነበር። የእንግሊዝ ጦር በውስጡ ነበር። በየጠቅላይ ግዛቱ የታጠቀ አርበኛ አለቃ አለ፤ ብዙዎቹ በጦርነቱ ጊዜም ቢሆን እርስ በእርስ ይጋጩ ነበር። በጎጃም ብቻ እነ በላይ፣ እነ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ እነ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ የየራሳቸው ይዞታ ነበራቸው። ለእያንዳንዱ «የያዝከው ይርጋልህ» ቢባል ኖሮ አዲስ ዘመነ መሳፍንት ይመጣ ነበር። በ1934 ዓ.ም. የወጣው የአገር ግዛት አስተዳደር ድንጋጌ ገዥውን ደመወዝ የሚበላ የመንግሥት ሹም ሊያደርገው የፈለገውም ለዚህ ነው። ደግሞም ከጣሊያን ጋር የሠራውን ሁሉ እንበቀል ቢባል ማን ይቀር ነበር? ንጉሠ ነገሥቱ በድሉ ዕለት ክፉን በክፉ አትመልሱ ማለታቸው ብዙ ደም አድኗል። ራስ ሥዩምንም ከትግራይ ማራቅ ሌላ እሳት ሊጭር ይችል ነበር።

ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። የማልቀበለው ሁለት ነገር መደባለቁን ነው። ሹመት አንድ ነገር ነው፤ ሽልማት ሌላ። ሹመት ወደፊት ያያል፤ «ማን ሊሠራው ይችላል?» ብሎ ይጠይቃል። ሽልማት ወደኋላ ያያል፤ «ማን ሠራው?» ብሎ ይጠይቃል። ጥሩ ተዋጊ የነበረ ሰው ጥሩ ገዥ ላይሆን ይችላል፤ ገዥ አታድርገው። ነገር ግን ሥራውን በስሙ ጻፍለት፤ ክብሩን ለብቻው ስጠው። በእኛ አገር ሁለቱ በአንድ እጅ ስለተያዙ፣ ሹመት ያጣ አርበኛ ክብሩንም ያጣ መሰለው። ሹመት ያገኘው ደግሞ ክብሩንም አብሮ የወሰደ መሰለው። ቂሙ የተወለደው ከዚህ ነው።

▪️ ለሰጪው የታሰረ ሽልማት

ቤተ መንግሥቱ ራሱ እያደር ይህን የተረዳ ይመስላል። በ1950ዎቹ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሽልማት ድርጅት ተቋቋመ። ሥነ ጽሑፍ፣ ሥነ ጥበብ፣ የኢትዮጵያ ጥናት፣ እርሻና ሌሎችም ዘርፎች ተለይተው በየዓመቱ ሽልማት ይሰጥ ጀመር። ከበደ ሚካኤል፣ አፈወርቅ ተክሌ፣ ገብረ ክርስቶስ ደስታ፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ከተሸለሙት መካከል ናቸው። ስሞቹን ስታዩ ማንም «ለእነዚህስ አይገባም» አይልም። ዘርፍ መለየቱ፣ በሥራ መመዘኑ ከደጅ ጥናት ብዙ ርቆ የሄደ ነበር።

ግን ድርጅቱ በንጉሡ ስም ተጠርቶ፣ በንጉሡ እጅ የሚሰጥ ነበር። መስከረም 1967 ላይ አብዮቱ ንጉሡን ሲያወርድ ሽልማቱም አብሮ ወረደ። ቀጥሎ የመጣው መንግሥት የራሱን ጀግና፣ የራሱን ኒሻን አመጣ። ከዚያም የቀጠለው እንዲሁ። እያንዳንዱ መንግሥት ያለፈውን ሸላሚ ሽሮ ያለፈው የናቀውን ይሸልማል። በላይ ዘለቀ ዛሬ መንገድና አየር ማረፊያ በስሙ ይጠራለታል። ደስ ይላል። እሱን ለማክበር ግን የሰቀለው መንግሥት መውደቅ ነበረበት።

▪️ እና ዛሬ?

ባለፈው አንድ የሽልማት ፕሮግራም አዘጋጅ ደውሎልኝ ነበር። በጋዜጠኝነት ዘርፍ መታጨቴን አበሠረኝ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ቀጥሎ በዕለቱ የእራት ጠረጴዛ የሚገዛ «ስፖንሰር» ማምጣት እንደምችል ጠየቀኝ። ባላመጣስ አልኩት። «ያው እንግዲህ ዕጩዎች ብዙ ናቸው» አለኝ። የትኛውን ጽሑፌን አንብበው እንዳጩኝ ስጠይቀው መልስ አልነበረውም።

ይህ ትንሽ ነገር ነው፤ ማንም አልተሰቀለበትም። መንገዱ ግን ያው የደጅ ጥናት መንገድ ነው። የቀረበ፣ የጠቀመ፣ የታዘዘ ይታያል። የሩቁ ሰው፣ ለምሳሌ ገጠር ክሊኒክ ውስጥ 30 ዓመት ያዋለደች ነርስ ወይም ከከተማ ርቆ የሚያስተምር መምህር፣ ማን ያጨዋል?

ስለዚህ ከእንግዲህ «ሽልማቱ ፍትሐዊ ነው ወይስ አይደለም?» ብለን ስንከራከር፣ የተሸላሚውን ስም ከመበለት በፊት ሸላሚውን ሦስት ነገር እንጠይቀው።

1. መስፈርቱ ውድድሩ ሳይጀመር በአደባባይ ተነግሯል?

2. ዳኛው ከተሸላሚው ጋር በሥራ፣ በዝምድና ወይም በጥቅም የሚያገናኘው ነገር አለ? ካለስ ወጥቷል?

3. ያልተሸለመው ሰው «ለምን?» ብሎ ሲጠይቅ ሳይቀጣ መልስ የሚያገኝበት በር አለ?

የ1933ቱ ሒሳብ ሦስቱንም አላሟላም። መስፈርቱ ታማኝነት ነበር፤ ግን አልተነገረም። ዳኛው ባለጉዳይ ነበር። መጠየቅም ወንጀል ነበር። ለዚህ ነው ከ80 ዓመት በላይ አልፎ እኛ ዛሬም «ያገሬ አርበኛ ተረሳ፣ የእናንተ ባንዳ ተሾመ» እያልን የምንሰዳደበው። ሟቾቹ ዐርፈዋል፤ ሒሳቡ ግን አልተወራረደም።

በቤታችሁ ሣጥን ውስጥ የአያት ሜዳይ ያላችሁ አትጠፉም። ወይም ሜዳይ ያልደረሰው የአያት ታሪክ። ዘንባባው ስንት ነው? ምስክር የሆነላቸው ማን ነበር? ወረቀቱ አለ? ታሪኩን የሚያውቅ ትልቅ ሰው በሕይወት ካለ ዛሬውኑ ጠይቃችሁ ጻፉት። የመንግሥት ሜዳይ ያዳላል፤ በስም፣ በቦታና በዓመት የተጻፈ የቤተሰብ ታሪክ ግን ቢያንስ ለሚቀጥለው ዳኛ ምስክር ሆኖ ይቆያል።